ወፍ አስተማሪው ሣጥን

ቅዳሜ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምንም አይፈጠርም። ተማሪው ተኝቷል፣ መምህሩ ልብሱን ያጥባል፣ የበር ጠባቂው ፀሐይ እየሞቀ ያንቀላፋል። ስለዚህ ኢንስፔክተሯ በስልክ «ሣጥን ተሰርቋል፤ ወፍ ዘፈን የሚያስተምር ሣጥን ነው» ስትባል ባልደረቦቿ የሚያላግጡባት መሰላት። ቢያላግጡም አይፈረድባቸውም። ሳይታወቃት ቀኑን ሙሉ የምታንጎራጉር ሴት ናት። ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ሬዲዮ» ነው የሚሏት። የወፍ ዘፈን ጉዳይ ለሬዲዮ ካልተሰጠ ለማን ይሰጣል ብለው ይሆናል።

ነገሩ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ።

ክፍሉ አሮጌው ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ «የቀድሞው ዘመን አውሮፓ የታሪክና የባህል ጥናት ማዕከል» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ስሙ ከክፍሉ ይረዝማል። ውስጡ አራት ጠረጴዛ አለ። በመጻሕፍት የተከመረው የታሪክ ፕሮፌሰሩ ነው። ኪቦርድና የጆሮ ማዳመጫ ያለበት የሙዚቃ አጥኚዋ ነው። የወፍ ጥሬ የተበተነበት ወፎችን የሚያጠናው ሳይንቲስት ነው፤ እሱን ሁሉም «ወፎ» ይለዋል። አራተኛው ላይ ሞረድ፣ ፒንሳና የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽር በሥርዓት ተደርድረዋል፤ የመካኒካል መሐንዲሱ ነው። እሳቸውን ደግሞ ግቢው በሙሉ «ጋሽ ቡሎን» ነው የሚላቸው። የፕሮፌሰሩ ሐሳብ ነበር፣ አንድን አሮጌ ዕቃ አራት ዓይነት ሰው በአንድ ክፍል ቁጭ ብሎ ይየው ብለው።

ግድግዳው ላይ ባለ መስታወት ቁምሣጥን አለ። በሩ ክፍት ነው፤ ቁልፉ አልተሰበረም፣ መስታወቱ አልተጫረም። ቀዩ ጨርቅ ላይ ሣጥኑ የተቀመጠበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይታያል።

ያመለከተችው የሙዚቃ አጥኚዋ ራሷ ናት። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ሴት ናት፤ አላለቀሰችም፣ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ነው የቆመችው። የቁምሣጥኑን ቁልፍ ማን ማን እንደሚይዝ ኢንስፔክተሯ ጠየቀቻት።

«ሁለት ቁልፍ ነው ያለው» አለች። «አንዱ የፕሮፌሰሩ ነው። እሳቸው ከሐሙስ ጀምሮ ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላው ይኸው፣ እኔ ጋ ነው።»

በገዛ አፏ ገመዱን አንገቷ ላይ እንዳስገባች ገብቷታል። ገብቷትም ተናገረች። ኢንስፔክተሯ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደደቻት፤ ሥራው እንዲህ ያለውን አይፈቅድም፣ ግን ልብ ሥራ አይጠይቅም።

ሣጥኑ ምን እንደሆነ አጥኚዋ አስረዳቻት። መጠኑ ዳቦ የሚያህል የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ ጥቃቅን ሚስማር የተተከለበት የእንጨት ሲሊንደር፣ ትንሽ ወናፍና ጣት የማያህሉ ዋሽንቶች አሉት። መዘውሩን ሲያዞሩት ያፏጫል። ከሦስት መቶ ዓመት ግድም በፊት በአውሮፓ ባለጸጋ ቤቶች ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ዘፋኝ ወፍ ማሳደግ ፋሽን ሲሆን፣ እመቤቶቹ ከወፏ ጎን ቁጭ ብለው፣ ዜማውን እስክትለምደው ድረስ ያንን መዘውር ሲያዞሩ ይውሉ ነበር። ፕሮፌሰሩ ቤተሰቦቹ ለምን እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ያጠናሉ። ወፎ ወፏ በእርግጥ ትማር እንደሆነ ያጠናል። ጋሽ ቡሎን መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ። እሷ ደግሞ ዜማዎቹን። ኢንስፔክተሯ በሆዷ፣ ዱሮውንም የምትዘፍን ፍጥረት ዘፈን ማስተማር የጥጋብ ሥራ ነው አለች፤ አፏ ግን ጨዋ ነበር።

ሣጥኑ ከባሕር ማዶ ሙዚየም በውሰት የመጣ ነው። ስምንት ዜማ አለው። ሰባቱ ደህና ይሰማሉ። ስምንተኛው እጅግ የሚያምረው ነው፣ ግን ሚስማሮቹ ስለረገፉ መሐል ሲደርስ ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ የወናፉ ትንፋሽ ብቻ ነው። አጥኚዋ ሰባት ዓመት የደከመችበት የዶክትሬት ጥናት ስለነዚህ ዜማዎች ነው፤ ፈታኞች ፊት የምትቀርብበት ቀን ተቆርጧል። ፈተናው ሲቃረብ እንቅልፍ እምቢ ስላላት ሣጥኑን ልታየው ቅዳሜ መጥታ ቁምሣጥኑን ስትከፍት ባዶ ሆኖ አገኘችው።

ሰኞ ዕለት ዩኒቨርሲቲው ምርመራው እስኪያልቅ እግሯ ግቢ እንዳይረግጥ አገዳት። እስከ ፈተናው ስሟ ካልጠራ ፈተናውም ይሰረዛል ተባለ። ሰው ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ፖሊስ ሳይፈርድ እሱ ፈርዶ ጨርሷል።

የበር ጠባቂው ኢንስፔክተሯን አንድ ነገር ሹክ አላት። አርብ ሥራ ሲያበቃ ወፎ አንድ ሣጥን የሚያህል ነገር በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ግራ ቀኝ እያየ ወጥቷል። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት እሱና አጥኚዋ ሣጥኑን ማን ይጠቀም በሚል ደረጃው ላይ ሲጯጯሁ ተሰምተዋል። ሬዲዮ ደስ አላት። ቶሎ ያለቀ ጉዳይ ማን ይጠላል?

ወፎ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ሰላሳን ብዙ ያላለፈ፣ ለራሱ ምሳ የሚረሳ ለወፍ ግን እንቁላል የሚቀቅል ሰው ነው። ፖሊስ በሩ ላይ ሲያይ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጥቁሩ ጨርቅ ጥግ ላይ ነበር። ኢንስፔክተሯ ገለጠችው። ከውስጥ ላባዋ የረገፈ፣ ዓይኗን የጨፈነች አንዲት ምስኪን ካናሪ በሽቦ ጎጆዋ ተቀምጣለች።

የላቦራቶሪ ወፍ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነው፤ ካወቁበት ይባረራል። ግን ታማለች። ቅዳሜና እሁድ ላቦራቶሪ ማንም የለም፤ ውሃ የሚያቀርብላት ማን ነው አለና አንገቱን ደፋ። ኢንስፔክተሯ ጨርቁን መልሳ ሸፈነችላት።

«ለምን ተጣላችሁ?» አለችው።

«ወፎቼ አልማር አሉኛ» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሣጥኑን አሰማኋቸው፣ አንዷም አንዲት ዜማ አልያዘችም። የሣጥኑን ሰዓት ጨምሪልኝ አልኳት፣ ዕቃው ያረጃል ብላ እምቢ አለች።» ደግሞ ጨመረ። «ምንም አልተማሩም ማለት እንኳ አይቻልም። የላቦራቶሪውን በር ሲጥጥታ ተምረዋል። አሁን ሁሉም እንደ በር ነው የሚዘፍኑት።»

ኢንስፔክተሯ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። ሣጥኑን ማን እንደሚያዞርላቸው ጠየቀችው። ተማሪዎች ናቸው፣ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው። የድሮ ሰዎች ካናሪ የምትማረው ከምታውቀው እጅ ብቻ ነው ብለው ጽፈዋል፤ እሱ ግን ተረት ነው ብሎ ትቶታል። ነገሩ ለምርመራው አይጠቅምም ብላ እሷም ተወችው።

ፕሮፌሰሩ ከስብሰባቸው ተመለሱ፤ ቁልፋቸው ከኪሳቸው አልወጣም ነበር፤ ከእሳቸው ጋር አንድ መድረክ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ መሰከሩላቸው። ኢንስፔክተሯን ቢሯቸው አስቀምጠው የዚያ ዘመን ሴቶች ለምን ወፍ ያስተምሩ እንደነበር ሲተርኩላት ሻይዋ ቀዘቀዘ። ልጆቻቸውን ለሞግዚት ሰጥተው ወፍ ያሳድጋሉ፣ ከዚያ ወፏ ስትሞት ለቀብሯ ግጥም ይጽፋሉ፤ አይ ሰው፣ አሉ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ስሚኝ፣ እሷ ሰረቀች ከምትሉኝ እኔ ሰረቅኩ በሉ።»

«እርስዎማ ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

«እሱ ነው እኮ የሚያናድደኝ» አሉ።

የቀሩት ጋሽ ቡሎን ናቸው። ቤታቸው ሰፊ በረንዳ አለው፤ በረንዳው ግማሽ ወርክሾፕ፣ ግማሽ የአበባ ቦታ ነው። ባለቤታቸው አበባውን፣ እሳቸው ብረቱን ይዘው ድንበር ሲገፋፉ ዘመን ያለፋቸው ባልና ሚስት ናቸው። በአበባና በብረት መሐል፣ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ላይ የወፍ ጎጆ ተቀምጧል። ውስጡ ሎሚት የምትባል ቢጫ ካናሪ አለች። ሎሚት እንግዳ ከመጣ ጀምሮ አፏን አልዘጋችም።

ጋሽ ቡሎን አርብ ማታ ቤታቸው ነበሩ። ባለቤታቸው ሻይ እየቀዱ አረጋገጡ፤ እሱ አርብ ከገባ እስከ ሰኞ ከዚህ በረንዳ ንቅንቅ አይልም፣ አምሳያ ሣጥን እሠራለሁ እያለ ሲያላቅቅና ሲገጣጥም ይውላል፣ ወፏንም ጭምር ከእኔ ቀምቷል ብለው አሙት። ጋሽ ቡሎን አልሳቁም። ስኒውን የያዘ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ኢንስፔክተሯ ዕድሜ ነው አለች። እሳቸው የጠየቁት ስለ አጥኚዋ ብቻ ነበር። ትበላለች ወይ? ትተኛለች ወይ? እውነት ግቢ እንዳትገባ ከልክለዋት ነው? ልጅ የላቸውም፤ ያቺ ልጅ ሞረድ አያያዝ እሳቸው ዘንድ ነው የተማረችው፣ «አባባ» ነው የምትላቸው። ኢንስፔክተሯ የምታውቀውን ነገረቻቸውና ባዶ እጇን ወጣች። ከበረንዳው የያዘችው ነገር ቢኖር ሳታውቀው የያዘችው ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ያሉት ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ አንዱ ስብሰባ ላይ ነበር፣ አንዱ አጥኚዋ እጅ። አለቃዋ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጅቷን ያዢያት ማለት ጀመረ። ሬዲዮ አንድ ቀን ስጡኝ ብላ ወደ አጥኚዋ ቤት ሄደች፤ ለመጨረሻ ጊዜ ልትጠይቃት፣ ካልሆነም ልትይዛት።

በሩን የከፈቱት እናትየው ናቸው። ከዚህ ነገር ወዲህ ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ ሱቅ እንኳ ጎረቤት ነው የሚልኩት። «ልጄ ዕቃ ታጥባለች፣ ትመጣለች» ብለው ኢንስፔክተሯን ሳሎን አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ ገቡ። ኢንስፔክተሯ ጠበቀች። ይህችን ሴት እጇን ይዛ በእናቷ ፊት እንዴት እንደምታወጣት ታስባለች፤ ሲጨንቃት ደግሞ ምን እንደምታደርግ የታወቀ ነው።

ጓዳ ውስጥ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። አጥኚዋ እጇ በሳሙና እንደተነከረ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ይህን ከየት ሰማሽው?»

«የቱን?»

«አሁን የምታንጎራጉሪውን። እባክሽ ድገሚው።»

ኢንስፔክተሯ ማንጎራጎሯንም አላወቀችም። አፍራ ጀመረችው፤ ዜማው ራሱ ከአፏ ወጣ፣ ወደ ላይ ወጣ ብሎ፣ ዞር ብሎ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ አለቀ። አጥኚዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ይህ ስምንተኛው ዜማ ነው» አለች። «ሣጥኑ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ይቋረጣል። እኔ ሰባት ዓመት እዚያ ጋ ቆሜያለሁ። አንቺ ግን ጨረስሽው። ይህን መጨረሻ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ሰምቶት አያውቅም።»

«ታዲያ እኔ እንዴት ሰማሁት?»

«ሣጥኑን ያገኘው ሰው የረገፉትን ሚስማሮች ካልመለሰ በስተቀር...» ብላ ጀመረችና አቆመች። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደረቅ ከሆነም በኋላ መጥረጓን ቀጠለች። ከዚያ ተሳስቻለሁ አለች። ተራ ዘፈን ነው፣ ቅድም እኔ ሳንጎራጉር ሰምተሽኝ ይሆናል ብላ ሸፋፈነች።

ውሸት አትችልበትም። ኢንስፔክተሯ ሳትናደድ፣ ከሥራ ታግደሽ፣ እናትሽ ጎረቤት ፊት መውጣት አፍረው፣ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ልትደብቂ ነው ወይ አለቻት። አጥኚዋ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ኢንስፔክተሯ እያለቀሰች ተወቻትና በሐሳቧ ወደ ኋላ ተጓዘች። የወፎ ወፍ ታማ ዝም ብላለች፤ ላቦራቶሪ ያሉት እንደ በር ነው የሚዘፍኑት። ፕሮፌሰሩ ቢሮ ወሬ እንጂ ዜማ የለም። የቀረው አንድ በረንዳ ነው።

ጋሽ ቡሎን ሳታንኳኳ በሩን ከፈቱላት። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲጠብቋት እንደነበር ያስታውቃል። የሎሚትን ጎጆ አንሥተው ጨርቁን ገፈፉት። ሣጥኑ እዚያው ነበር። ኢንስፔክተሯ ባለፈው ሻይዋን ያስቀመጠችው አጠገቡ ነው፤ በራሷ አፈረች። ባለቤታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ፤ ባላቸው የሚሠራው አምሳያ ነው ብለው ሲያሙት የኖሩት እውነተኛው ሣጥን ኖሯል።

«ቁልፉንስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ቁምሣጥኑ ላይ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ቁልፍ አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ከዚያ ቁጭ አሉና ነገሯት። በሙያው ሕግ የሌላ ሰው ቅርስ አይነካም፤ የረገፈው እንደረገፈ ይቀመጣል። ልጅቷ ግን ያ ዜማ ሲቋረጥ በየቀኑ ፊቷ ሲጨልም ያያሉ። የድሮዎቹ የሚስማር ቀዳዳዎች በማጉያው ይታያሉ። እሳቸው ከቀጭን እንጨት ሚስማር ጠርበው፣ ያለ ሙጫ፣ በየቀዳዳው ቢያስገቡ፣ ለአንዲት ቀን ብቻ ዜማውን በሙሉ አሰምተዋት መልሰው ቢነቅሉት ማን ይጎዳል? ለፈተናዋ ስጦታ ነበር። አርብ አርብ በመሣሪያ ቦርሳቸው ውስጥ አድርገው ወደ ቤት ያመጡታል፣ ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ይመልሱታል፤ ወራት እንዲህ አለፈ። አንዲት ሚስማር በተተከለች ቁጥር ትክክል መሆኗን ለማወቅ መዘውሩን ደጋግመው ያዞራሉ፣ ሎሚትም ከእሳቸው እጅ እየበላች አብራ ትሰማለች። በመጨረሻው ሳምንት ነው አጥኚዋ ቅዳሜ የመጣችው።

«አላርፍ ያለች ጣት ጥንብ ጠንቁላ ትወጣለች ይባል የለ» አሉ ጣቶቻቸውን እያዩ።

«ሰኞ ለምን አልመለሱትም?»

«እናንተ በሩ ላይ ነበራችኋ።»

«ለምን አልተናገሩም ታዲያ? ልጅቷ ሌባ ስትባል ሰምተዋል።»

«ብናገር ሣጥኑ ተነካክቷል ይባላል። በተነካካ ዕቃ ላይ የተሠራ ጥናት ማን ይቀበለዋል? ሰባት ዓመቷን በገዛ እጄ ልቀብረው ሆነ። ዝም ካልኩ ደግሞ ስሟ። ሚስማሮቹን ነቅዬ ሣጥኑን የሆነ ቦታ ላስገኘው አሰብኩ፤ ለመንቀል ስነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንዳልሰብረው እተወዋለሁ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።»

ኢንስፔክተሯ ተናደደች። እኚህን ሽማግሌ ትወዳቸዋለች፣ ለዚያ ነው የተናደደችው። «አንድ ነገር ልንገርዎት» አለቻቸው። «ዛሬ ጠዋት እርስዎ መሆንዎን አውቃለች። አውቃም ልትደብቅዎት ሞከረች።»

እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብለው የተቀመጡት ሰውዬ ያን ጊዜ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ባለቤታቸው መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። ሎሚት ብቻ ነበረች የምትዘፍነው፤ ስምንተኛውን፣ እስከ መጨረሻው።

ሙዚየሙ አንዲት ባለሙያ ላከ። ሴትዮዋ ሣጥኑን በማጉያ መረመረች፣ ፎቶ አነሣች፣ የእንጨት ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ሁሉም የገቡት በድሮው ቀዳዳ ነው፤ ሣጥኑ ላይ ጭረት እንኳ የለም ብላ መሰከረች። ሙዚየሙ ክስ አልፈልግም አለ፣ ዐቃቤ ሕጉም መዝገቡን ዘጋ፤ ሣጥኑ ግን ያኔውኑ ታሽጎ ወደ አገሩ ሄደ። ዩኒቨርሲቲው አጥኚዋን ይቅርታ ጠየቀ። እናትየው በዚያው ቀን ምንም ሳያስፈልጋቸው ሱቅ ወጡ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ። ጋሽ ቡሎን ከማዕከሉ ተሰናበቱ፤ ቁልፋቸውን አስረክበው ሳይከራከሩ ወጡ።

አሁን ስሟ ጠራ፣ ጥናቷ ግን አንካሳ ሆነ። ሣጥኑ የለም። የፈታኞቹ ሰብሳቢ እንደ ዓለት የማይነቀነቁ ሰው ናቸው፤ ስምንተኛውን ዜማ በጆሯቸው ሳይሰሙ አይፈርሙም፣ በስልክ የተቀዳ ደግሞ ይቀነባበራል አሉ። መፍትሔው የመጣው ከወፎ ነው። ወፎ ጉዳዩን ከሰማ ጀምሮ ዕብድ ሊሆን ነው፤ ወፏ ተምራለች፣ ከምታውቀው እጅ ተምራለች፣ የድሮዎቹ እውነታቸውን ነው እያለ ኮሪደሩን ሲሮጥበት ሰነበተ። በዓለም ላይ ያንን ዜማ ጨርሳ የምታውቅ አንዲት ፍጥረት አለች። ሎሚት ፈታኞች ፊት ትቅረብ።

አጥኚዋ ግን ጋሽ ቡሎንን አታናግርም። እሳቸው ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለቴ በሯ ድረስ መጥተው፣ እናትየው ናቸው የመለሷቸው። ስለዚህ አጥኚዋ ጣቢያ ድረስ ሄዳ ኢንስፔክተሯን ላከቻት። ሬዲዮ በሥራ ዘመኗ ሌባ ይዛ ታውቃለች፣ ሽማግሌ ሆና ግን አታውቅም። የላከችባት ቃል ይህ ነበር፤

«ይቅርታውን አልፈልገውም በይልኝ። ወፏን ያምጣት። እሱ ግን እንዳላየው።»

ኢንስፔክተሯ ቃሉን ሳታለሰልስ አደረሰች። ጋሽ ቡሎን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ናት አሉ።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ሞላ። የመጣው ሁሉ ለጥናቱ ነው የመጣው ማለት ውሸት ነው፤ ግማሹ ሌባ የተባለችውን ሊያይ፣ ግማሹ ወፏን ሊያይ ነው። ኢንስፔክተሯ ሥራ የለኝም ብላ መሐል ተቀመጠች። ጋሽ ቡሎን ጎጆውን በር ላይ ለወፎ አስረክበው፣ መጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ፣ የሰው ትከሻ ጀርባ ተሸሸጉ። አጥኚዋ ስለ ሰባቱ ዜማዎች ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ፕሮፌሰሩ ከንፈራቸው ከእሷ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ስምንተኛው ደረሰ፤ ወፎ ጨርቁን ገፈፈ።

ሎሚት ዝም አለች።

ወፎ ምላሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ጥሬ ሰጣት፣ ለመናት። ወፏ ጎጆዋ ጥግ ላይ ላባዋን ነፍታ የማታውቀውን ሕዝብ ትመለከታለች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ኢንስፔክተሯ ዜማውን ከወፏ ቀድማ ልታንጎራጉረው ምንም አልቀራት፤ ብታንጎራጉር ደግሞ ምስክርነቱ ሁሉ ይበላሻል፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አጥኚዋ ወለሉን ስታይ ቆየች። እሷ ያወቀችውን ኢንስፔክተሯም አወቀች፣ ወፎም አወቀ፤ መፍትሔው የት እንደተቀመጠ የማያውቅ አልነበረም። መጥራት ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ ያስባላትን ሰው መጥራት ነው።

ቀና አለች፤ ወደ መጨረሻው ረድፍ አየች።

«አባባ» አለች። «ይምጡልኝ።»

ጋሽ ቡሎን ተነሡ። አዳራሹ ተንሾካሾከ፤ እሳቸው ናቸው እኮ፣ ሰውዬው ናቸው የሚለው ቃል ከወንበር ወንበር ቀድሟቸው ደረሰ። መንገዱ ረዘመባቸው። ቀይ ሆነው፣ ዓይናቸውን ከጎጆው ሳያነሡ፣ እስከ ጠረጴዛው ድረስ መጡ። ጣታቸውን በሽቦው አስገብተው እንደየጠዋቱ በለሆሳስ ሰላም አሏት። ሎሚት ጣታቸውን አንድ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ዘፈነች። ወደ ላይ ወጣች፤ ሣጥኑ የሚቋረጥበት ቦታ ደረሰች፤ አልተቋረጠችም፤ ዞር ብላ፣ ቀስ ብላ ወርዳ ጨረሰች። የሳቀው ሰውዬ እንኳ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ያለ ኀፍረት ያለቅሳሉ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለቃለ ጉባኤው፣ እኚህ ሰው ማን ናቸው ሲሉ ጠየቁ።

ጋሽ ቡሎን ወደ ኋላቸው አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። አጥኚዋ ክንዳቸውን ያዘች።

«ሣጥኑን የሰረቁት እሳቸው ናቸው» አለች። «በእሳቸው ምክንያት ሌባ ተብያለሁ፣ እናቴ ከቤት መውጣት አፍራለች። ይህን ዜማ ለእኔ ብለው ከሞት ያስነሡትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱንም ይጻፉልኝ።»

ሰብሳቢው ብዕራቸውን አነሡና ሁለቱንም ጻፉ።